የሹክሹክታ ጣሳ

መካኒኩ ጋራዡ ውስጥ የሚጠራበት ስም ሹክሹክታ ነበር። ስሙን ያወጣለት የጋራዡ ኤሌክትሪሻን ነው። ሰውየው ሲናገር ድምፁ ጥርሱ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ሞተር ተነስቶ እያለ ከተናገረማ ከንፈሩን አይቶ መገመት ነው። «መፍቻ አቀብሉኝ» ለማለት ሦስት ጊዜ ያስብና፣ በአራተኛው ራሱ ተነስቶ ሄዶ ያመጣል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራ። የሻይ ሰዓት ደርሶ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ካገኘ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል፤ ጎማውም ከተያዘ ቆሞ ይጠጣል። «ጠጋ በሉልኝ» የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

እጁ ግን አያፍርም። የብሎን ራስ በጣቱ ዳብሶ ቁጥሩን ይነግርሃል። ሌላው ሰው ሙሉ ቀን የሚታገለውን ሥራ እሱ ከምሳ በፊት ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ጨርቅ ላይ በተርታ ደርድሮት ታገኘዋለህ። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ያጠብቃል። ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ «ላላብኝ» ቢለው የሚመልሰው ቃል ስለሌለው፣ ነገሩ ሳይመጣ በፊት አጥብቆ ይገላገላል። እሱ ያሰረውን ብሎን ለመፍታት አንድ ሰው ለመፍቻው፣ አንድ ሰው ለጸሎቱ ያስፈልጋል ይላል ኤሌክትሪሻኑ። ቤቱም ያው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የክንዷ ነገር የዋዛ አይደለም። እሱ የዘጋውን ጠርሙስ መክፈት ግን አቅቷት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የዘጋኸው ልንበላው ነው ወይስ ልንቀብረው?» ትለዋለች። እሱም ፈገግ ይልና ይከፍትላታል።

አለቃው የታናሽ እህቱ ባል ነው። ሰፊ ደረት፣ ሰፊ ድምፅ ያለው ሰው። በዚያ ጋራዥ አንድ ልማድ አለ። መኪና ሲገባ ማንም ኮፈን አይከፍትም። አለቃው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቢሮው በር ላይ ይቆምና «አስነሱት!» ይላል። ይነሳል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ይፈርዳል። «ፓምፑ ነው።» «ማርሹ ነው።» ሠራተኛው የተባለውን ፈትቶ ይቀይራል፤ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ከአሥር ስምንቱን ይመታል፤ ይህን ማንም አይክድበትም። የሳታቸውን ሁለቱን ግን የሚያውቃቸው መኪና ሥር፣ የጥገናው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ብዙ ጊዜ ሹክሹክታ ነበር። እሱ ደግሞ ለማን ተናግሮ?

አንድ ጠዋት የዳቦ ሴትዮዋ መጣች። ከዳቦ ቤቱ ተቀብላ ለሃያ ስድስት ሱቅ የምታደርስ፣ የራሷን አሮጌ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና የምትነዳ፣ አፏ እንደ ዳቦዋ ትኩስ የሆነ ሴት ናት። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ እየተከተላት በሩን አልፋ ገባችና ከመውረዷ በፊት መጮህ ጀመረች።

«ኧረ ሰዎች! መኪናዬ በስተርጅና ሲጋራ ለምዳ መጣች! ዳገት ላይ ደግሞ ትለግማለች። ዛሬ አንድ ሽማግሌ በብስክሌት ቀደመኝ፤ ዞር ብሎ አዘነልኝ እኮ!»

አለቃው በሩ ላይ ቆመ። «አስነሺው» አለ። አስነሳች። ዓይኑን ጨፈነ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ። «ቱርቦ ነው።»

«ምን?»

«ቱርቦ ነው። ይቀየራል። ዕቃው ተልኮበት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ትቆማለች።»

ሴትዮዋ ሞተሩን አጠፋችና ወገቧን ይዛ ወረደች። «ባለፈውም ቱርቦ ነው ብላችሁ ቀይራችሁልኛል! ገና ሰባት ወሩ ነው። ቱርቦ እንደ ዳቦ በየቀኑ ነው እንዴ የሚበላው? ሦስት ሳምንት ዳቦውን በጀርባዬ ላመላልስ? ሦስት ቀን ከቆምኩ ዳቦ ቤቱ ለሌላ ሹፌር ይሰጥብኛል!»

«እህቴ፣ እኔ ሞተሩን አልሠራሁትም። የነገረኝን ነው የምነግርሽ» አለና ወደ ሹክሹክታ በአገጩ አመለከተ። «አውርደው።»

ሹክሹክታ ኮፈኑን ከፈተ። ወደ ቱርቦው፣ ለሞተሩ አየር ወደሚገፋው ዕቃ፣ የሚገባውን ወፍራም የአየር ቱቦ ፈታና ጣቱን አስገብቶ የቱርቦውን ትንሽ ፋን በቀስታ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም። ወደ ውስጥ ገፋው፣ ወደ ውጪ ሳበው፤ ጠንካራ ነው። አዞረው፤ ያለ ድምፅ ዞረ። ቱርቦው ደህና ነበር። ቱቦው ግን ውስጡ በዘይት ርሷል። ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ተነስቶ እዚያው ቱቦ ላይ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ሲነቅለው ዘይት ጠብ፣ ጠብ አለ። ሞተሩን አስነስቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ቢያነሳ፣ ውስጡ እንደ ድስት እፍ፣ እፍ ይላል። ነገሩ ገባው። ሞተሩ አርጅቷል፤ ከፒስተኑ ጎን እያለፈ ወደ ታች የሚወርደው ትንፋሽ በዝቷል። ያ ትንፋሽ ዘይት ተሸክሞ በቀጭኑ ቱቦ ይወጣና ተመልሶ ቱርቦው አፍ ውስጥ ይገባል። መኪናዋ የገዛ ላቧን እየጠጣች ነው የምታጨሰው።

ሹክሹክታ ጨርቁን ይዞ ቆመ። ላብ አላበው። ሞተሩ አይደለም ያላበው፤ ትዝታው ነው። ከሰባት ወር በፊት ያንን የመጀመሪያውን ቱርቦ ያወረደው እሱ ራሱ ነው። ያኔም በጣቱ ነቅንቆት ነበር። ያኔም አልተነቃነቀም። ዝም ብሎ አወረደው፤ ቱቦው አብሮ ስለታጠበ ጭሱ ለጥቂት ወር ጠፋ። ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ሲበላ እንኳ ሚስቱን «ዛሬ አንድ ነገር ሠራሁ» አላላትም።

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ቢሮው በር ሄደ። ሴትዮዋም ኤሌክትሪሻኑም እዚያው ቆመዋል።

«ቱርቦው ደህና ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አለ አለቃው።

«ቱርቦው… ደህና ነው።»

«ድምፅ ማጉያ አምጡ!» አለ ኤሌክትሪሻኑ፤ የሳቀው ሳቀ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። «ዝም በሉ እስቲ! ወንድሜ፣ ጮክ በል፤ አልበላህም፤ እኔ ጠዋት ዳቦ በልቻለሁ።»

ሹክሹክታ በቃል አልሆንልህ ሲለው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ሲሚንቶው ላይ በዘይት ሳለላት። ይሄ ሞተሩ። ይሄ ትንፋሹ የሚወጣበት። ይሄ ቱርቦው። በመሀል እዚህ ጋ አንድ ጣሳ ይገባል። ትንፋሹ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ሽቦ መሀል ያልፋል፤ ዘይቱ ሽቦው ላይ ይቀርና ከታች ይጠራቀማል፤ ደረቁ አየር ወደ ቱርቦው ይሄዳል። በየሳምንቱ ከታች ቧንቧውን ከፍቶ ዘይቱን መድፋት ነው።

«የሞተሩን እርጅና አያድነውም» አለ። «ዘይቱን ከማስጠጣት ግን ያድናል።»

አለቃው ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። «ጣሳ? እኔ ቱርቦ ስል አንተ ጣሳ? ይሄ ጋራዥ ነው እንጂ የቆርቆሮ ተራ መሰለህ?»

«እሱ ያለው ይሠራልኝ» አለች የዳቦ ሴትዮዋ። «መኪናዋ የኔ ናት።»

የአለቃው ፊት ጠቆረ። በሰው ፊት፣ ለዚያውም በሚስቱ ወንድም! ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ። «ይሠራልሽ። ግን ሁላችሁም ስሙ። ይቺ መኪና አጭሳ ከተመለሰች፣ አንተ የመፍቻ ሳጥንህን ይዘህ ከዚህ ግቢ ትወጣለህ። ተስማማን?»

ሹክሹክታ ዝም አለ።

«ተስማምቷል» አለ አለቃውና ገባ።

ጣሳውን የሠራው ጊዜው ካለፈበት ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ነው። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጠ በኋላ አንገቱን ቆረጠው፤ ውስጡን በናፍጣ፣ ቀጥሎም በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበው። ብየዳውን ራሱ በየደ። አንድ መግቢያ ከጎን፣ አንድ መውጫ ከላይ፣ አንዲት የውሃ ቧንቧ የመሰለች መክፈቻ ከታች። ለማጣሪያ ደግሞ ማዶ ካለው ሱቅ ድስት የሚፈገፈግበትን ሽቦ ገዛ። አሥራ ሁለት። ባለሱቁ «ቤትህ ሠርግ አለ እንዴ?» አለው። አንድ በአንድ ጣሳው ውስጥ እያስገባ በመዶሻ እጀታ ጠቀጠቀው። አንዳች ዘይት እንዳያመልጥ። እንዳይመለስበት። ባትሪው አጠገብ በብረት ማሰሪያ አሰረው፤ ዘይት የማይበላው ቱቦ ዘረጋለት፤ ከዚያ ያው እንደ አመሉ አጠባበቀው። የረጠበውን የአየር መንገድ ሁሉ ፈትቶ አጠበ። መኪናዋ ስትነሳ የቀረ ዘይት እስክትጨርስ ትንሽ አጨሰችና ጠራች። የዳቦ ሴትዮዋ ጥሩምባዋን ሁለቴ ነፍታ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተመልሳ ገባች። ጭሱ አሁን ከኋላ አልነበረም። ከኮፈኑ ሥር ነበር የሚወጣው፤ በግራም በቀኝም። የሞተር ዘይት በጎማው ላይ ሳይቀር እየወረደ ነው።

«ወንድሜ፣ ጣሳህ ጉድ ሠራኝ!» አለች። እንባዋ መጥቷል፤ ግን አላለቀሰችም። «ዳገቱ መሀል ላይ ዷ አለና መስታወቴ ሁሉ ዘይት ሆነ! ዘጠኝ ሱቅ ዳቦ አላገኘም!»

ሁሉም ሥራውን ጥሎ መጣ። ሹክሹክታ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተተፍቶ ተንጋዷል፤ ዘይቱ በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ ጭስ ማውጫው ላይ እየተጠበሰ ነው። ለማየት ሁለተኛ ጊዜ አላስፈለገውም። ሽቦውን ጠቅጥቆታል። ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ዘንጉን ተፋው። ያው አመሉ። የገዛ እጁ።

አለቃው ዛሬ ሻይ አልያዘም። ደረቱን ነፍቶ መጥቶ ዘይቱን አየ። «ሞተሩን አጥፊው እህቴ። እንግዲህ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ግን ተስማምተን ነበር። ሳጥንህን ያዝ።»

ሞተሩ ጠፋ። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራበት ግቢ ነው። ጉድጓዱን ያውቀዋል፤ የትኛው ጠርዝ እንደተሸረፈ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በየት እንደሚገባ ያውቃል። ሌላ የሚያውቀው ቦታ የለም። ሌላ ቦታ ሄዶ «ሥራ አለ?» ብሎ መጠየቅ ለእሱ ሞተር በባዶ እጅ ከመሸከም ይከብዳል። አሁን ዝም ካለ ሁሉም ነገር አለቀ። ሴትዮዋም መኪናዋን አቁማ ሁለተኛ ደህና ቱርቦ ታስነቅላለች። ሹክሹክታ ይህን ሁሉ ጨርቁን እያሻሸ አሰበ።

«አልተስማማሁም» አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ግን የሚሸፍነው ሞተር ስላልነበረ በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ሰማ።

«ምን አልክ?»

«ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም። እስከ ዛሬም ዝም ያልኩት ሁሉ እሺ መስሎህ ከሆነ፣ እሱ ያንተ ግምት ነው።» ወደ ጣሳው ጠቆመ። «ጣሳው ልክ ነው። የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ጥፋቴ ነው። አሁን አስተካክለዋለሁ። ሌላም ጥፋት አለብኝ።» ወደ ሴትዮዋ ዞረ፤ ዓይኗን ማየት አቅቶት አገጯን እያየ ተናገረ። «ባለፈው ያወረድኩልሽ ቱርቦም ደህና ነበር። እያወቅሁ ነው ያወረድኩት።»

«እያወቅህ?» አለች ቀስ ብላ።

«እያወቅሁ።»

አለቃው ቆሽቱ አረረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «አንተ… የወለድኳቸው ልጆች አጎት ባትሆን ኖሮ! ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

«ሥራዬን ጨርሼ።»

«አባባ!» አለ አለቃው ወደ ዘበኛው። «የዚህን ሰውዬ ሳጥን ከበር ውጪ ያድርጉልኝ!»

ዘበኛው ሽማግሌ ነው። ሳጥኑን በአንድ እጁ ለማንሳት ሞከረ፤ በሁለት እጁም ሞከረ። ማንም አላገዘውም፤ ኤሌክትሪሻኑ እንኳ ኪሱ ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻ በገመድ እየጎተተ አወጣውና ከበሩ ውጪ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠው። «ይቅር በለኝ ልጄ» አለ ሲመለስ።

«ምንም አይደል አባባ» አለ ሹክሹክታ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ሁሉም ሄደ፣ ወጣ፣ አለቀ ብሎ አሰበ። የቆርቆሮው በር ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ። ሹክሹክታ ሳጥኑን ከፈተ፤ አሥር ቁጥር መፍቻ አወጣ፤ ሳጥኑን ዘጋ፤ ተመልሶ ገባ። ከበሩ እስከ መኪናዋ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። የጣሳውን ማሰሪያ ብሎን ፈታ። አሥር ቁጥሩን ይዞ አርባ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ሲጥጥ፤ መልሶ አስቀመጠ፤ ፒንሳ ያዘ፤ ሲጥጥ፤ ተመለሰ።

አለቃው ወደ ዘበኛው ዞረ። «በሩን ይዝጉበት!»

«ይዘጋና!» አለች የዳቦ ሴትዮዋ። «እሱ ከተዘጋበት እኔም መኪናዬን አስጎትቼ እወጣለሁ። ሃያ ስድስት ሱቅ ነው የማደርሰው፤ በየሱቁ ቆሜ የሁለቱን ቱርቦ ታሪክ አወራለሁ። ዳቦውን እያስረከብኩ!»

በሩ አልተዘጋም። ሹክሹክታ ተመላለሰ። አንዴ ለመዶሻ፣ አንዴ ለመጋዝ፣ አንዴ ለአንዲት ትንሽ ማጠቢያ ብሩሽ። ኤሌክትሪሻኑ መቋቋም አቃተው።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ በኪስህ ይዘህ ግባ እንጂ! እግርህ ሊያልቅ ነው!»

«ሳጥኑ ቦታው እዚህ ነው» አለ ሹክሹክታ የጉድጓዱን ጠርዝ እያሳየ። «ቦታው እስኪመለስ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሚስቅ አልነበረም።

ጣሳውን ከፈተ። ከአሥራ ሁለቱ ሽቦ ዘጠኙን አወጣ። የቀሩትን ሦስቱን በጣቱ ፈታ ፈታ አድርጎ፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር አሳሳቸው። ከሥራቸው ቀዳዳ የበዛበት ሳህን የመሰለ ብረት ቆርጦ አስገባ። ቱቦውን በሰፊ ቀየረ። ሲያስር እጁ እንደ ልማዱ ሊያጠብቅ ሄደና መሀል ላይ ያዘው። ጥርሱን ነክሶ «ይበቃል» አለ ለራሱ። መፍቻውን መለሰ። ሲጥጥ። ዘንጉን በቦታው አስገባ፤ ዘይት ሞላ፤ ሞተሩን አስነሳና መዳፉን ዘንጉ ላይ አደረገ። ዘንጉ ወደ ላይ አልገፋውም።

ዳቦው ገና መኪናው ላይ ነው። ሹክሹክታ እጁን ጠርጎ አለቃው ፊት ቆመ። «ና እንሂድ። ዳገቱን አብረኸን ውጣ። በጆሮህም ስማ፣ በዓይንህም እይ።»

አለቃው እምቢ ሊል ነበር፤ ግን ሁሉም እያየው ነው። ፊት ያለው ሁለት ወንበር ብቻ ስለሆነ ኋላ ከዳቦው ሳጥኖች መሀል ገብቶ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ተቀመጠ። «ዳቦው ላይ እንዳትደገፍብኝ» አለችው ሴትዮዋ በመስታወት እያየችው።

ዳገቱ ረጅም ነው። መሀሉ ላይ ያ ብስክሌተኛ ሽማግሌ እንደገና ነበር፤ አለፉት። ሹክሹክታ አንድ ዓይኑን መስታወቱ ላይ አድርጎ ነበር። ከኋላ ጭስ የለም። ጫፍ ላይ ሲደርሱ አስቆማት። ኮፈኑን ከፈተ። ዘንጉ በቦታው ነው። ከጋራዡ ይዞት የመጣውን የሻይ ብርጭቆ ከጣሳው ሥር አድርጎ መክፈቻዋን አዞረ። ቡናማ፣ ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ወረደ፤ ጥቂት ነው፣ ግን ይሸታል። ቀጥሎ ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ነቅሎ ነጭ ጨርቅ አስገብቶ አወጣ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ።

አለቃው ብርጭቆውን አየ። ጨርቁን አየ። ልብሱ በዱቄት ነጥቷል።

«እንግዲህ ሳጥንህን አስገባ» አለ በመጨረሻ።

«አላስገባም።»

«አስገባ እያልኩህ ነው! ይቅር ብያለሁ!»

«እኔ አላስወጣሁትም። ያስወጣኸው አንተ ነህ። አንተ ታስገባዋለህ፤ አባባ አይደሉም፣ ኤሌክትሪሻኑም አይደለም። አንተ።»

ዳገቱን ወርደው ተመለሱ። ጋራዡ በር ላይ ሴትዮዋ ሹክሹክታን አውርዳ እጁን ጨበጠችው። «ለጣሳው አመሰግንሃለሁ» አለች። «ለቱርቦው ግን ተቀይሜሃለሁ። ቶሎም አይለቀኝ።»

«ልክ ነሽ» አለ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «እህትህ ደውላ ነበር። ባሌን በሰው ፊት አዋረደው ብላ ስታለቅስ ነበር።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ሳጥኑ ይግባና እናወራለን አልኳት።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሃያ ሦስት ዓመት እኔም ጠብቄያለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሳትሄድ እንዳትቀር። እግርህን ካመመህ ተቀብተህ ሂድ።»

ሄደ። በማግስቱም ሄደ። ሳጥኑ ሌሊቱን ዘበኛው ቤት ያድራል፤ ጠዋት ግድግዳው ጥግ ይወጣል። ሹክሹክታ ጉድጓዱ ውስጥ ይሠራል፤ መፍቻ ሲያስፈልገው ይወጣል፤ አርባ ሁለት እርምጃ፤ ሲጥጥ። ደንበኞች «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ኤሌክትሪሻኑ ይነግራቸዋል፤ በየቀኑም ታሪኩ ትንሽ ይረዝማል። ዘበኛው የበሩን ማጠፊያ ዘይት ሊቀባው ፈለገ፤ ሹክሹክታ «ተዉት አባባ» አለው። አንድ ጊዜ ዝናብ ዘነበ። ዘበኛው ሳጥኑ ላይ ላስቲክ አለበሰበት። ሹክሹክታ ላይ ግን ማን ያልብስ? ረጥቦ ወጣ፣ ረጥቦ ገባ። አለቃው በመስኮት ያያል። ስልክ ሲያወራ በሩ ሲጥጥ ይላል። ምሳውን ሲበላ በሩ ሲጥጥ ይላል።

በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሊሆን ሲል፣ የቢሮው በር ተከፈተ። አለቃው ኮቱን አውልቋል። ማንንም ሳያይ ግቢውን አቋርጦ ወጣ። ሳጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ አነሳው፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። ዘበኛው ሊያግዘው ተነሳ። «ይቀመጡ አባባ» አለው። ኤሌክትሪሻኑ ሽቦውን እንደያዘ ቆመ። አርባ ሁለቱን እርምጃ አለቃው ሁለት ጊዜ አርፎ ጨረሰው። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «የት ላድርገው?» አለ።

ሹክሹክታ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አየው። አሁን የሚያየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ግን አልመሰለውም።

«በስተቀኝ» አለ። «ቀስ አድርገህ። ታችኛው መሳቢያ አይጠብቅም፤ ይከፈታል።»

አለቃው ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ሲቃና ወገቡን ያዘ። የሆነ ነገር ሊናገር ፈለገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም።

«አልሰማሁህም» አለ ሹክሹክታ።

«ቱርቦው ደህና ነበር» አለ አለቃው። «ሁለቱም።»

ኤሌክትሪሻኑ ሰማ። ዘበኛውም ሰማ። ሹክሹክታ ራሱን ነቀነቀ፤ አመሰግናለሁ አላለም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። እጁን ወደ ቀኝ ሰደደና ሳያይ አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አነሳ።